የተዘለለው መስመር

በጎንደር አገር፣ በአንድ ደብር አጥር ጥግ፣ ብራና ሲጽፍ የኖረ ቁም ጸሐፊ ነበር። እጁ ያማረ ነው ይባልለታል፤ ከእጁ ይልቅ ግን በእርማቱ ይመሰገን ነበር። መጽሐፍ ጽፎ እንደጨረሰ ለባለቤቱ አያስረክብም። ደቀ መዝሙሩ ዋናውን እያነበበለት፣ እርሱ የራሱን ጽሕፈት በጣቱ እየተከተለ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያመሳክራል። ግድፈት ካገኘ በኅዳጉ ላይ ምልክት አድርጎ የጎደለውን ያስገባል።

ለተማሪዎቹ አዘውትሮ የሚነግራቸው ይህን ነበር፦ «የተሳሳተ ቃል አንባቢውን ያደናቅፈዋል፤ ስለሚታይም ይታረማል። የተዘለለ መስመር ግን አይታይም። አንባቢው ምንም ያልጎደለ መስሎት ያነባል፤ ምንም ያልጎደለ መስሎትም ያምናል።»

በመስከረም ወር፣ ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ በጠራ ሰሞን፣ በወስፌ ያሰመረው መስመር ጎበጠበት። ብራናውን አዙሮ አየው፤ መስመሩ ቀጥ ያለ ነው። ቀኝ ዓይኑን ሲከድን ይቃናል፤ ግራውን ሲከድን ይጎብጣል። ቀጥሎ ጥቃቅን ጥቁር ነገሮች በፊቱ ይንሳፈፉ ጀመር። ትንኝ መስለውት በእጁ ቢያባርራቸው አልሄዱም። ጎረቤቶቹ ምች ነው ብለው ዳማከሴ ጨምቀው ሰጡት። ጠበልም ገብቶ ሰነበተ። ቀኝ ዓይኑ ጉም እየለበሰ ሲሄድ ግን ደቀ መዝሙሩ እጁን ይዞ ባሕር ዳር ወደምትገኝ የዓይን ሐኪም ወሰደው።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። የዓይኑን ግፊት ለካች፣ ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ጨመረች፣ አገጩን መሣሪያው ላይ አስደግፋ ረጅም ጊዜ ተመለከተች። ከዚያ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ትጠይቀው ጀመር።

«አባቴ፣ ሳል አለብዎ? ሌሊት ያልብዎታል? ክብደትስ ቀንሰዋል?»

«የለም።»

«ጥሬ ሥጋ ይበላሉ? ቤትዎ ድመት አለ?»

«ልጄ፣ እኔ የመጣሁት ስለ ዓይኔ ነው። ድመት እዚህ ምን ጥልቅ አደረጋት?»

ሐኪሟ ፈገግ አለች እንጂ ጥያቄዋን አላቆመችም። መገጣጠሚያው ያመው እንደሆነ፣ በአፉ ውስጥ ቁስል ወጥቶ ያውቅ እንደሆነ፣ ስኳር ይኖርበት እንደሆነ፣ ከቤተሰቡ በግላኮማ የታወረ ሰው ይኖር እንደሆነ ጠየቀችው። በመጨረሻም እንዲህ አለችው፦

«የዓይንዎ የውስጥ ክፍል ተቆጥቷል። ዩቪአይቲስ እንለዋለን። ቁጣው ከረቲናው መሐል ውኃ አቁሮ አሳብጦታል፤ መስመሩ የሚጎብጥብዎ በዚህ ምክንያት ነው። ይህን ቁጣ የሚያበርድ ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት አለ። ነገር ግን ዛሬ አልሰጥዎትም።»

«ለምን?»

«ውሻ ሌሊት የሚጮኸው ሌባ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ እንዲሁ በባዶውም ሊጮህ ይችላል። ስቴሮይድ ውሻውን ዝም ያሰኛል እንጂ ሌባ አያባርርም። በባዶው እየጮኸ ከሆነ ቤተሰቡ እፎይ ብሎ ይተኛል። ሌባ ካለ ግን ውሻውን ያስተኛሁት ለሌባው ነው። የሳንባ ነቀርሳ፣ ቂጥኝ፣ የሄርፒስ ቫይረስ፣ በጥሬ ሥጋና በድመት ዓይነ ምድር የሚመጣው ቶክሶፕላዝማ ሁሉ ዓይን ውስጥ ገብተው ይህንኑ ቁጣ ያስነሣሉ። የቱም እንደሌለ ሳላውቅ መርፌ አላነሣም።»

ቁም ጸሐፊው የቂጥኝን ስም ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። ሐኪሟ አስተዋለችና «ይህ ለሁሉም ሰው የምንመረምረው ነው፤ ለጳጳስም ቢሆን» አለችው። ደሙን ሰጠ፣ የደረት ራጅ ተነሣ፣ ውጤቱ እስኪመጣ ወደ አገሩ ተመልሶ ቆየ። በልቡም «ያለችኝን ዓይን በጥያቄ ልትጨርስብኝ ነው» እያለ ያጉረመርም ነበር።

በጥቅምት ሲመለስ ሌባ አልተገኘም። ሐኪሟ ያሉትን መንገዶች አንድ በአንድ ዘረዘረችለት። ጠብታው ከዓይኑ ፊት አልፎ ወደ ኋላው በደንብ አይደርስም። የሚዋጠው ይደርሳል፤ ነገር ግን ስኳርንም፣ የደም ግፊትንም፣ አጥንትንም ሊነካ ይችላል። መርፌው ከዓይን ኳስ ጎን ወይም ከውስጡ ይሰጣል። ውስጥ የሚሰጠው ለእንዲህ ያለው እብጠት ይበልጥ ይሠራል፤ መድኃኒቱም እዚያው ዓይን ውስጥ ይቆያል። ችግሩም ያው እዚያው መቆየቱ ነው፤ አንዴ ከገባ እንደ ክኒን ነገ አልወስድም አይባልም።

«ከሦስት ሰው የአንዱ ያህል የዓይን ግፊት ይጨምራል። ጤናማው ግፊት ከ10 እስከ 21 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው፤ የእርስዎ ዛሬ 15 ነው። ጊዜ ሲያልፍም ሞራ ሊያመጣ ይችላል። ሞራ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። በግፊት የሞተ የዓይን ነርቭ ግን አይመለስም። ስለዚህ ቃል ይግቡልኝ፤ ዓይንዎ ቢድንም ባይድንም በቀጠሮዎ ይመጣሉ።»

ቃል ገባ።

መርፌው ከፈራው በላይ ቀላል ሆነለት። ማደንዘዣ ጠብታ ተጨመረለት። ዓይኑና ሽፋሽፍቱ በፖቪዶን አዮዲን ታጠበ፤ ቆዳውም ቡናማ ሆነ። ቆቡ በመሣሪያ ተከፍቶ ተያዘ። ሐኪሟ ጥቁሩ ከነጩ ከሚገናኝበት 4 ሚሊ ሜትር ያህል ለካች፣ «አሁን ይጫንዎታል» አለች፣ አለቀ። የገባው 4 ሚሊ ግራም ትራያምሲኖሎን ነው፤ ነጭ፣ ገና የታለበ ወተት የመሰለ። ወዲያውም በዓይኑ ውስጥ ደመና ሲንሳፈፍ ታየው።

«ደመናው በጥቂት ቀናት ይረጋል» አለችው። «ዓይንዎ መታመም፣ መቅላት፣ እይታውም መቀነስ ከጀመረ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ይምጡ። ተህዋስ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ይህ የሚሆነው እጅግ አልፎ አልፎ ነው፤ ሲሆን ግን ፋታ አይሰጥም።» ካርዱ ላይም ጻፈችለት፤ ከሳምንት በኋላ፣ ከወር በኋላ፣ ከሁለት ወር በኋላ፣ ከሦስት ወር በኋላ።

በሳምንቱ ሄደ። ደመናው ረግቷል፣ እብጠቱ መቀነስ ጀምሯል፣ ግፊቱ 16 ነው። ከዚያ ወዲያ መስመሩ ቀጥ አለ። ጥቃቅኑ ፊደል ተለየ። ለጥር 21፣ ለአስተርእዮ ማርያም ክብረ በዓል የሚደርስ መጽሐፍ በእጁ ነበርና ብዕሩን አነሣ። የወሩ ቀጠሮ ሲደርስ «ያላመመኝን ዓይን ይዤ አንድ ቀን ሙሉ በመኪና ልንከራተት?» ብሎ ቀረ።

በኅዳር መጀመሪያ፣ ቅዳሜ ገበያ ላይ፣ እህል ነጋዴ የሆነ የልጅነት ወዳጁ አገኘው። ነጋዴው ጮማና ጥሬ ሥጋ የሚወድ፣ ገበታው ያለ ቁርጥ የማይሞላለት ሰው ነው።

«ወንድሜ፣ ታውረሃል ሲሉ ሰምቼ አዝኜ ነበር። ምን ሆነህ ዳንህ?»

«አንዲት መርፌ ናት!» አለ ቁም ጸሐፊው፣ እጁን እያወናጨፈ። «ዓይኔ ውስጥ ወጉኝ፤ በሳምንቱ ፊደል ለየሁ።»

«የእኔም ግራ ዓይን ደብዝዟል፤ ቀልቷልም። ስሟ ማን ትባላለች?»

ቁም ጸሐፊው ከቀጠሮ ካርዱ ጀርባ ቀድዶ በውብ እጁ «ትራያምሲኖሎን» ብሎ ጻፈለት።

ነጋዴው ገንዘብ ያለው፣ ትዕግሥት የሌለው ሰው ነበር። ሌላ ከተማ፣ ሌላ ቤት ሄደ። ወረቀቱን አውጥቶ «ይህችን ውጉኝ፤ ወዳጄን ያዳነችው ይህች ናት» አለ። ዓይኑን በጥድፊያ ያየው ሰው ቁጣውን አየ፤ ቁጣ የሚያበርደውን ሰጠ። ስለ ሥጋ የጠየቀው የለም። ስለ ድመት የጠየቀው የለም። ቅላቱ በቀናት ውስጥ ለቀቀ፤ ነጋዴውም ጮማ አስቆርጦ ወዳጆቹን ጋበዘ። በታኅሣሥ አጋማሽ ግን በግራ ዓይኑ መሐል ላይ ጥቁር ነገር ተቀመጠ። ፊት ለፊት የቆመን ሰው ሲያይ ጆሮና ትከሻው ይታየዋል፤ ፊቱ የለም።

ወደ ቁም ጸሐፊው ደጅ እየተደናበረ መጣ። «መርፌህ አሳወረኝ!» አለው።

ቁም ጸሐፊው ብዕሩን አስቀመጠ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። ሲነጋ ወዳጁን ይዞ ባሕር ዳር ወረደ።

ሐኪሟ የነጋዴውን ዓይን አይታ ዝም አለች። ከረቲናው መሐል አንድ አሮጌ ጥቁር ጠባሳ አለ፤ ከጠባሳው ጎን ተነሥቶ የተስፋፋ ነጭ ቁስል አለ። የደም ምርመራውንም አዘዘች፤ የዓይኑን መልክ አይታ ግን አልተጠራጠረችም፤ ቶክሶፕላዝማ ነው። ከዓመታት በፊት ገብቶ ተኝቶ የነበረው ተነሥቷል። አሁን ጥገኛውን የሚገድል መድኃኒት ጀመረችለት። ቁስሉ ይደርቃል፣ ዳር ዳሩም ይተርፋል አለችው፤ የተበላው መሐል ግን አይመለስም።

«ያው አንድ መርፌ አይደል እንዴ? እሱን አድኖ እኔን ለምን ያሳውረኛል?»

«መርፌው አንድ ነው፤ በሽታው ሁለት ነው። በመጀመሪያ ይህን የሚገድል መድኃኒት ቢሰጥዎት ኖሮ፣ ቁጣው ቢከብድ እንኳ በመድኃኒቱ ጥላ ሥር ስቴሮይድ በክኒን ይጨመርልዎ ነበር። ብቻውን፣ ያውም ከውስጥ ሲገባ ግን፣ ጥገኛው የሚከለክለው አጥቶ ይራባል።»

ይህን ተናግራ ወደ ቁም ጸሐፊው ዞረች። «እርስዎስ፣ ቀጠሮዎን የት ጣሉት?»

«እኔማ ድኛለሁ፤ ወዳጄን ላድርስ ብዬ ነው የመጣሁት።»

«ከመጡ አይቀር ይቀመጡ።»

ለካችው። መሣሪያውን አንሥታ እንደገና ለካችው። 38 ነው።

«አይሰማዎትም?»

«ምንም። እንዲያውም ዓይኔ እንዲህ ጥሩ ሆኖልኝ አያውቅም።»

«አዎ፣ አይሰማም» አለችው። «ዓይን ዘወትር ውኃ ያመነጫል፤ ያንኑም በቀጭን ወንፊት ያፈስሳል። መድኃኒቱ በአንዳንድ ሰው ወንፊቱን ይደፍነዋል። ውኃው ሲጠራቀም ነርቩን ይጫናል። ነርቩ ሲሞት ከዳር ይጀምራል፤ ፊደል የሚያዩበትን መሐል የሚነካው በመጨረሻ ነው። እርስዎ ‹ድኛለሁ› እያሉ ሲጽፉ፣ ዳሩ ሳያውቁት ሊጠፋብዎ ይችላል። እንዲህ ያለው ግፊት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ደግሞ በሳምንቱ ሳይሆን በወርና በሁለት ወር ነው። ካርዱ ላይ ዝም ብዬ አልጻፍኩትም።»

ነርቩን መረመረች፤ ገና አልተጎዳም። ግፊት የሚቀንስ ጠብታና ክኒን ሰጠችው፣ በሳምንቱ እንዲመለስም አዘዘችው። ጥቂት ወራት ቢቆይ ኖሮ ግን ሌላ ነገር ትነግረው ነበር።

ሁለቱ ወዳጆች ተገርመው ሲቀመጡ ሐኪሟ የስቴሮይድን ታሪክ ነገረቻቸው። በ1948 እ.ኤ.አ.፣ አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ በሚገኘው ማዮ ክሊኒክ፣ በመገጣጠሚያ በሽታ አልጋ ላይ የዋለች አንዲት ሴት ኮርቲዞን የሚባለውን ስቴሮይድ ተወጋች፤ በቀናት ውስጥም ተነሥታ ሄደች። ወሬው ዓለምን አዳረሰ። በ1950 ፊሊፕ ሄንች፣ ኤድዋርድ ኬንዳልና ታዴዎስ ራይክሽታይን ስለዚህ ሥራ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። አጥንት ማሳሳቱ፣ ስኳር ማስነሣቱ፣ የዓይን ግፊት መጨመሩ ደግሞ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ተጻፈ። «ድነቱ ተሽቀዳድሞ ተወራ፣ ጉዳቱ ዘግይቶ ተሰማ። እስከ ዛሬም በየገበያው የሚሆነው ይኸው ነው» አለች።

በመልሱ መንገድ፣ በአውቶቡሱ ውስጥ፣ ነጋዴው ለረጅም ጊዜ አልተናገረም። ወረታ አካባቢ ሲደርሱ ጠየቀ።

«አንተንስ ስለ ሥጋና ስለ ድመት ጠይቃህ ነበር?»

«ጠይቃኝ ነበር።»

«ደምህንስ ወስዳ ነበር?»

«ወስዳለች። ሳምንታት አቆይታኛለች።»

«ገበያ ላይ ይህን አልነገርከኝም።»

ቁም ጸሐፊው ራሱን አቀረቀረ። «አልነገርኩህም። ጥያቄዋ አሰልችቶኝ ነበርና ከታሪኩ አወጣሁት፤ መርፌዋን ብቻ ጻፍኩልህ። ሐሰት አልተናገርኩም፤ መስመር ዘለልኩ። ተማሪዎቼን ዕድሜዬን ሙሉ ያስጠነቀቅኩትን ግድፈት በአንተ ዓይን ላይ ጻፍኩት።»

ነጋዴው ጥቂት አሰበና «እኔ ባልታወር አንተ አትመጣም ነበር» አለው። «በእኔ አንድ ዓይን የአንተ ዓይን ተረፈ።»

«ይህን ዕዳ በምን እከፍለዋለሁ?»

«እንጃ፤ አንተ መምህር ነህ፤ አንተ እወቀው።»

ነጋዴው ግን ቂሙ ከልቡ አልወጣም ነበር። ገበያ ሲመለስ የጠፋ ዓይኑን እያሳየ «ዓይናችሁን መርፌ አታስነኩ! ስቴሮይድ የሚሉት እሳት ነው!» እያለ ለሁሉም ይናገር ጀመር። ያየው ሁሉ ያምነዋል፤ ምስክሩ ፊቱ ላይ ነውና። በአካባቢው ፈትል እየፈተለች ልጆቿን የምታሳድግ አንዲት እናት ነበረች። እርሷም ዓይኗ ተቆጥቶ፣ ተመርምራ፣ ምርመራዋ ንጹሕ ሆኖ፣ መርፌ ታዝዞላት ነበር። የነጋዴውን ቃል ስትሰማ ቀጠሮዋን ጣለች። ረቲናዋ እያበጠ ሄደ፤ ክሩን በጣቷ እየዳበሰች መፍተል ጀመረች።

ቁም ጸሐፊው ይህን ሲሰማ ወደ ነጋዴው ሄደ። «ወንድሜ፣ ዕዳዬን በምን እንደምከፍል ዛሬ አወቅሁ። ከእኔ ጋር ና።»

«ወዴት?»

«ወደዚያች እናት። እኔ መርፌዋን ነግሬህ ጥያቄውን ዘለልኩ፤ አንተ ጉዳቱን ነግረሃት ምክንያቱን ዘለልክ። የእኔ ግድፈት አንተን አሳወረ፤ የአንተ ግድፈት እርሷን ሊያሳውር ነው።»

ነጋዴው ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ መልስ ግን አጣ። ከዘራውን አንሥቶ ተከተለው።

በእናትየው ደጅ ተቀምጠው ሁለቱም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገሩ። አንዱ ሲዘልል ሌላው ያስታውሰዋል። ቁም ጸሐፊው ስለ ሳምንታቱ ጥበቃ፣ ስለ ተወው ቀጠሮ፣ ስላልተሰማው 38 ነገራት። ነጋዴው ስለ ጥሬ ሥጋው፣ ስለ ጥድፊያው፣ ሳይጠየቅ ስለ ተወጋው መርፌ ነገራት። በመጨረሻም ሐኪሟ ያስጠናቻቸውን ጥያቄዎች አስያዟት። ቁጣው ከተህዋስ አለመምጣቱ ተመርምሯል ወይ? ግፊቴ ዛሬ ስንት ነው? በቤተሰቤ ግላኮማ ካለ፣ ወይም ከዚህ በፊት የስቴሮይድ ጠብታ ግፊቴን ጨምሮት ከነበረ ለሐኪሙ ነግሬያለሁ ወይ? ከመርፌው በኋላ ተመልሼ የምለካው በየትኞቹ ቀናት ነው? በየትኛው ምልክትስ ቀን ሳልቆጥር እመጣለሁ?

ሴትዮዋ አዳምጣ «እንግዲያው መርፌው መልካም ነው ወይስ ክፉ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

ቁም ጸሐፊው መለሰ፦ «እኔን አድኖኛል፤ እኔኑ ሊያሳውረኝም ነበር። ዓይኔ የተረፈልኝ በተወጋሁበት ቀን ብቻ አይደለም፤ በተጠየቅኩበትና በተለካሁበት ቀንም ነው።»

ሄደች። ጠየቀች፣ ተወጋች፣ በየቀጠሮዋ ተለካች። የእርሷ ግፊት ከቶ አልጨመረም፤ እርሷ ግን አልጨመረም ብላ አልቀረችም። የቁም ጸሐፊውም ግፊት መድኃኒቱ ከዓይኑ ሲያልቅ በወራት ውስጥ ወደ ልኩ ተመለሰ። ከዓመት በኋላ በዚያው ዓይን ሞራ ወጣበት፤ እርሱም አስቀድሞ የተነገረው ነበርና ሳይደነግጥ በቀዶ ሕክምና አስወጣው። ነጋዴው ሥጋውን ጠብሶ መብላት ለመደ፤ ቀሪ ዓይኑን በየጊዜው እያስመረመረ ይነግዳል። ልጆቻቸውን ዓይናቸውን ሲያሳክካቸው ከመድኃኒት ቤት የዴክሳሜታዞን ጠብታ ያለ ሐኪም ገዝተው ለወራት የሚጨምሩ እናቶችን ሲያይም ያቆማቸዋል፤ በጠብታ መልክ የመጣውም ያው የመርፌው ዘመድ መሆኑንና ግፊት እንደሚጨምር ይነግራቸዋል።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ገበያ አንድ ሰው ሌላውን «በምን ዳንህ?» ሲለው፣ ሽማግሌዎቹ ቀጥለው «ምን ተጠይቀህ? ማንስ ለካህ?» ብለው ያስከትላሉ። ምሳሌውም ይህ ነው። መድኃኒትን የሚያወድስም የሚያወግዝም ሰው ግማሹን ብቻ ከተናገረ፣ ሐሰት ሳይናገር ሰው ሊያጠፋ ይችላል። የዳነበትን የሚናገር የተመረመረበትን አይዝለል፤ የተጎዳበትን የሚናገር ምክንያቱን አይዝለል፤ የሚሰማም ሁለቱን እስኪሰማ ድረስ ዓይኑን ለመርፌ አይስጥ፣ ከመርፌም አይሽሽ።